የድሮ የፎክስፕሮ ፋይል በስክሪፕት ሲነበብ ለሚመጡ ስህተቶች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የአንድ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የመረጃ ባለሙያ ናቸው። በ1980ዎቹ ፎክስፕሮ በተባለው የድሮ ዳታቤዝ ፕሮግራም የተያዘውን የአባላት መዝገብ ወደ አዲስ ዳታቤዝ ለማዛወር፣ ዲቢኤፍሪድ በተባለው የፓይተን ላይብረሪ አጭር ስክሪፕት ጽፈዋል። ስክሪፕቱ መጀመሪያ የሜሞ (የማስታወሻ) ፋይሉ የለም ብሎ አልከፍትም አለ፤ ይህንን እንዲያልፈው ሲያዙት ደግሞ ባይት 225 በአስኪ፣ ማለትም በመሠረታዊው የእንግሊዝኛ ፊደል ሰንጠረዥ፣ ሊፈታ አልቻለም አለ። የፊደል ስህተቱን ችላ እንዲል ሲያደርጉት ስሞቹ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ሆነው መጡ፤ ቀጥሎም የምዝገባ ቀን ላይ ሲደርስ 19870230 ልክ ያልሆነ ቀን ነው ብሎ ቆመ። ቀኑንም እንዲዘለው አድርገው እስከ መጨረሻው ሲያስኬዱት 4,203 አባላት ብቻ አገኙ፤ ከድሮው ፕሮግራም ታትሞ በማኅደር የተቀመጠው ዝርዝር ግን 4,490 አባላት አሉት። ጠያቂው የፋይሉን የመጀመሪያ 32 ባይቶችና የፋይሉን መጠን አያይዘው ልከዋል፤ ይህን በማድረጋቸው መልሱ ከግምት ወጥቶ እውነተኛ መሠረት አግኝቷል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስህተቶቹን ለማለፍ የተጠቀሙባቸውን አማራጮች በሙሉ መልሰው እንዲያነሷቸው እጠይቃለሁ። በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ስህተት ብሎ የሚቆም ስክሪፕት ወዳጅ ነው፤ ችግሩ ያለበትን ቦታ በትክክል ያሳያልና። የሚያስፈራው ምንም ሳይል እስከ መጨረሻው ሄዶ ጎደሎ መዝገብ የሚያስረክበው ነው። የእርስዎ ስክሪፕት አስኪን ይዞ ስህተትን ችላ ሲል፣ ከ127 በላይ ያሉትን ባይቶች አንድ በአንድ እየጣለ ነበር፤ ስለዚህ የተገኙት ስሞች ከመበላሸታቸውም በላይ ፊደሎቻቸው የጎደሉ ናቸው፣ በኋላም በምንም ዘዴ ሊጠገኑ አይችሉም። ያንን ውጤት ይሰርዙት። የመጀመሪያውን ፋይል ለንባብ ብቻ በተፈቀደ ቦታ ያስቀምጡ፤ ሥራውን ሁሉ በቅጂው ላይ ይሥሩ። ፋይሉን በኤክሴል ከፍቶ ማስቀመጥም ሆነ በቪዡዋል ፎክስፕሮ ከፍቶ «ኮድ ፔጅ (የፊደል ሰንጠረዥ) ምረጥ» ለሚለው ጥያቄ እንዲያው አንዱን መምረጥ ባይቶቹን ሊለውጣቸው ይችላልና አይሞክሩት።

አሁን ወደላኳቸው 32 ባይቶች እንሂድ። የመጀመሪያው ባይት 245 ነው፤ ይህም ፋይሉ የፎክስፕሮ 2 ዘር መሆኑንና ሜሞ እንዳለው ይናገራል። ያለ ሜሞ ቢሆን ኖሮ 3፣ የዲቤዝ 3 ፋይል ከነሜሞው ቢሆን 131፣ ቪዡዋል ፎክስፕሮ ቢሆን 48 እናገኝ ነበር። ቀጥለው ያሉት 97፣ 8፣ 21 ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበት ቀን ናቸው፤ ኦገስት 21 ቀን 1997 ማለት ነው፣ በእኛ ነሐሴ 15 ቀን 1989። ከዚያ 138፣ 17፣ 0፣ 0 ይከተላሉ። ትንሹ ባይት ቀድሞ ስለሚጻፍ 17 በ256 ተባዝቶ 138 ሲደመርበት 4,490 ይሆናል፤ ይህ የሪከርዶቹ፣ ማለትም የአባል መዝገቦቹ፣ ብዛት ነው። 161 እና 1 በተመሳሳይ ስሌት 417 ይሆናሉ፤ የራስጌው፣ ማለትም በፋይሉ መጀመሪያ ያለው የመግለጫ ክፍል፣ ርዝመት ነው። የፋይሉ መግቢያ 32 ባይት፣ እያንዳንዱ መስክ (እንደ ስም ወይም ቀን ያለ የመረጃ ቦታ) ደግሞ 32 ባይት ስለሚይዝና አንድ የመዝጊያ ባይት ስለሚጨመር፣ 417 ማለት 12 መስኮች አሉ ማለት ነው፤ እርስዎም 12 መስኮች እንዳሉ ጽፈዋል። 126 እና 0 የአንድ ሪከርድ ርዝመት ናቸው።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመን ለአንድ ፈጣን ምርመራ ነው። 4,490 በ126 ሲባዛ 565,740 ይሆናል፤ የራስጌው 417 እና በመጨረሻ የሚጻፈው አንድ የመዝጊያ ባይት ሲደመሩበት 566,158 ይመጣል። የላኩት የፋይል መጠን ልክ 566,158 ነው። ስለዚህ ፋይሉ ከፍሎፒ ሲገለበጥ አልተቆረጠም፣ ራስጌውም አልተበላሸም፤ የእርስዎ ችግሮች በሙሉ የአነባበብ ችግሮች ናቸው። መጠኑ አንሶ ቢገኝ ኖሮ የምሰጠው ምክር ፈጽሞ ሌላ ይሆን ነበር። በየትኛውም የድሮ ፋይል ላይ አንድ መስመር ስክሪፕት ከመጻፍ በፊት ይህንን ስሌት መሥራት ብዙ ድካም ያድናል።

የአባላቱ ቁጥር ጉድለት ከሁሉ ቀላሉ ነው። በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ የእያንዳንዱ ሪከርድ የመጀመሪያ ባይት ምልክት ነው፤ 32 ከሆነ ሪከርዱ በሥራ ላይ ነው፣ 42 ከሆነ ማለትም ኮከብ ካለበት ተሰርዟል። ይሁን እንጂ የተሰረዘው ሪከርድ «ፓክ» የሚባለው ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ ከፋይሉ አይወጣም። ዲቢኤፍሪድ በተለመደው አካሄድ የሚሰጠው ያልተሰረዙትን ብቻ ነው፤ የቀሩት 287ቱ «ዴሊትድ» በሚባለው ክፍሉ በኩል ይነበባሉ። ፎክስፕሮ ግን ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ካልከለከለው በስተቀር የተሰረዙትንም አብሮ ያሳያል፤ የታተመው ዝርዝር 4,490 የሆነውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። እነዚህን 287 ሰዎች አይጣሏቸው። ከማኅበሩ የወጡ፣ ያረፉ ወይም በስህተት ሁለቴ የተመዘገቡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቁጠባው ያልተመለሰለት ሰው በመካከላቸው ሊኖር ስለሚችል ጉዳዩን የሚወስነው ስክሪፕት ሳይሆን የማኅበሩ ሒሳብ ሹም ነው። ወደ አዲሱ ዳታቤዝ አብረው ያስገቧቸውና «ተሰርዟል» የሚል አንድ ዓምድ ይጨምሩ።

የሜሞውም ነገር እንዲሁ ነው። የአባሉ አስተያየት ወይም ማስታወሻ የተጻፈበት መስክ በዋናው ፋይል ውስጥ የሚይዘው 10 አኃዝ ያለው ጠቋሚ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ያለው ተመሳሳይ ስም ኖሮት መጨረሻው ኤፍፒቲ በሆነ ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። ሲገለበጥ የተረሳው እሱ ነው። የድሮውን ኮምፒውተር፣ የመጠባበቂያ ፍሎፒዎቹንና ሲዲዎቹን ደግመው ይፈትሹ፤ ሲያገኙትም ከዋናው ፋይል ጋር በአንድ ቀን የተቀዳ መሆኑን ያረጋግጡ፣ የተለያየ ዘመን ቅጂዎች ከተጣመሩ የአንዱ አባል ማስታወሻ ለሌላው ይሰጣልና። ጨርሶ ካልተገኘ፣ የጠፋው ምን ያህል እንደሆነ ቢያንስ ይወቁት፤ ላይብረሪውን «ሮው» በሚለው አማራጭ ጥሬ ባይት እንዲሰጥ አድርገው፣ የሜሞ ጠቋሚያቸው ባዶ ያልሆነ ሪከርዶችን ይቁጠሩ። የሜሞውን ስህተት ማለፍ ተገቢ የሚሆነው በዚህ ቆጠራ ላይ ብቻ ነው።

ዋናው ጉዳይ የፊደሉ ነው። ከላኳቸው ባይቶች መካከል ከዜሮ ሲቆጠር በ29ኛው ቦታ ላይ ያለው፣ ፋይሉ በየትኛው የፊደል ሰንጠረዥ እንደተጻፈ መናገር የነበረበት ባይት፣ ዜሮ ነው። ላይብረሪው ምንም ስላልተነገረው አስኪን ይይዛል፤ አስኪ ደግሞ ከ127 በላይ አያውቅም፤ 225 ላይ የቆመው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ የዩኒኮድን አጻጻፍ ዩቲኤፍ-8ን ይሞክራል። ይህ ግን ሊሆን አይችልም፤ የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች የጋራ ሰንጠረዥ) የገባው በ3.0 እትሙ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1999 ነው፣ የእርስዎ ፋይል ደግሞ ከዚያ በፊት ተዘግቷል። በዚያን ዘመን አማርኛ የሚጻፈው የላቲን ፊደላትን ቦታ በያዙ ፎንቶች ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ በስክሪንና በወረቀት ላይ አማርኛ ሆኖ የሚታየው ፎንቱ በዚያ ቁጥር ቦታ የአማርኛ ቅርጽ ስላስቀመጠ ብቻ ነው። የፊደሎቻችን ብዛት በ256 ቦታ ስለማይበቃም አንዳንዶቹ ሠሪዎች ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፤ ሌሎቹ ደግሞ የፊደሉን አካል በአንድ ባይት፣ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ቅጥያ በሌላ ባይት አድርገው ቀጣጠሉት። ሠሪዎቹ በአንድ ሥርዓት ስላልተስማሙ አንዱ ፎንት ላይ «በ» የሆነው ባይት በሌላው ላይ ሌላ ፊደል ነው።

ስለዚህ ንባቡ በሁለት ደረጃ ይሁን። በመጀመሪያው ደረጃ ፋይሉን በላቲን-1 ያንብቡት፣ የስህተት አያያዙንም ጥብቅ ያድርጉት። ላቲን-1 ለ256ቱም ባይቶች ለእያንዳንዳቸው አንድ ቦታ ስላለው ምንም አይጥልም፣ ምንም አይለውጥም፤ በፈለጉ ጊዜ ወደ መጀመሪያው ባይት መመለስ ይቻላል። ዊንዶውስ 1252ን አይጠቀሙ፤ በፓይተን 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157 ባይቶች በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ባዶ ስለሆኑ ስክሪፕቱን ያቆሙታል፣ የአማርኛ ፎንት ሠሪዎች ግን እነዚህን ቦታዎች ለፊደል ሊጠቀሙባቸው ይችሉ ነበር። በዚህ ደረጃ የሚያዩት ጽሑፍ አሁንም የማይነበብ ላቲን ነው፤ አይጨነቁበት፣ ዋናው ቁም ነገር ምንም አለመጥፋቱ ነው።

በዚህ መካከል የሚሠሩ ሁለት ጥፋቶች አሉ፤ ሁለቱም ያለ ድምፅ ያልፋሉ። አንደኛው፣ የፓይተን «ስትሪፕ» በጽሑፍ ላይ ሲሠራ ከተራው ክፍት ቦታ ሌላ 160ኛውንና 133ኛውን ቁጥርም እንደ ክፍት ቦታ ቆጥሮ ከጫፍ ይቆርጣል። ፎንቱ ለምሳሌ በ160 ላይ አንድ ፊደል አስቀምጦ ከነበረ፣ በዚያ ፊደል የሚያልቁ ስሞች ሁሉ መጨረሻቸው ይቆረጣል። ላይብረሪው ራሱ የሚያራግፈው ተራውን ክፍት ቦታና የዜሮ ባይቱን ብቻ ነውና እዚያ ላይ የራስዎን «ስትሪፕ» አይጨምሩ። ሁለተኛው፣ ስሞችን ለማስተካከል ተብሎ ወደ ትንሽ ወይም ወደ ትልቅ የላቲን ፊደል መቀየር ነው። በእነዚህ ፎንቶች ላይ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል ሁለት የተለያዩ የአማርኛ ፊደሎች ስለሆኑ፣ ይህ አንድ ትእዛዝ ማኅበሩን በሙሉ ስም ያስለውጠዋል።

ሁለተኛው ደረጃ ትርጉሙ ነው፤ ለዚያም የፎንቱን ማንነት ማወቅ ያስፈልጋል። በዲቢኤፍ ፋይሉ፣ ማለትም በዋናው ፋይል፣ ውስጥ የፎንት ስም አይቀመጥም። ሆኖም የድሮው ፕሮግራም የዊንዶውስ ፎክስፕሮ ከነበረ በዚያው ማኅደር ውስጥ መጨረሻቸው ኤፍአርኤክስና ኤፍአርቲ፣ ኤስሲኤክስና ኤስሲቲ የሆኑ ፋይሎች ይኖራሉ፤ እነዚህ የሪፖርቶቹና የመመዝገቢያ ስክሪኖቹ ናቸው። ብዙዎች የማያውቁት ነገር እነዚህ ራሳቸው ተራ የፎክስፕሮ ሠንጠረዦች መሆናቸውን ነው። የአባላት ዝርዝር ሪፖርቱን ቅጂ ይውሰዱ፤ ኤፍአርኤክሱን ወደ ዲቢኤፍ፣ ኤፍአርቲውን ወደ ኤፍፒቲ ስሙን ይለውጡና በዚያው ስክሪፕት ይክፈቱት። «ፎንትፌስ» የሚባል መስክ ያገኛሉ፤ የፎንቱ ስም እዚያ ተጽፏል። በተጨማሪም «ኤክስፕር» በሚባለው መስክ ውስጥ የሪፖርቱ ርዕሶች በዚያው ፎንት የተጻፉ ባይቶች ሆነው ይገኛሉ። በወረቀቱ ላይ «የአባሉ ሙሉ ስም» እና «የቁጠባ ልክ» የሚሉትን ርዕሶች በዓይንዎ ስለሚያዩ፣ የትኛው ባይት የትኛው ፊደል እንደሆነ ያለ ግምት መዝገብ ይጀምራሉ። ፕሮግራሙ የዶስ ከሆነ ይህ መንገድ የለም፤ ያን ጊዜ የታተመውን ዝርዝር ከፋይሉ ጋር በአባል ቁጥር እያመሳከሩ ከመሥራት ሌላ አማራጭ አይታየኝም።

የፎንቱ ስም ከታወቀና ፎንቱ ራሱ በድሮው ኮምፒውተር ላይ ካለ፣ 256ቱን ቦታዎች በሠንጠረዥ አሳትመው ከእያንዳንዱ ጎን ትክክለኛውን የዩኒኮድ ፊደል ይጻፉ። ፊደሉ ከአካልና ከቅጥያ የሚሠራ ዓይነት ከሆነ፣ ስክሪፕቱ ረጅሙን ጥምረት አስቀድሞ መፈለግ አለበት። እንበልና 98 የ«በ» አካል፣ 98 ከሌላ ባይት ጋር ደግሞ «ቡ» ከሆነ፣ ነጠላው 98 አስቀድሞ ከተተረጎመ ቅጥያው ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ እሱ ከተጣለ ደግሞ «ቡ» የነበረው ሁሉ «በ» ይሆንና ስሙ ሲታይ ትክክል ስለሚመስል ማንም ልብ አይለውም። በሠንጠረዡ ላይ የሌለ ባይት ሲገኝ ስክሪፕቱ ቆሞ የአባሉን ቁጥርና የባይቱን ቁጥር ይጻፍ፤ በጥያቄ ምልክት አይተካው። ሲጨርሱም የተረጎሙትን ስም መልሰው ወደ ባይት ይለውጡት፤ ከመጀመሪያው ጋር ባይት በባይት ካልገጠመ፣ ወይ ሠንጠረዡ ላይ ሁለት ጥምረቶች ለአንድ ፊደል ተሰጥተዋል፣ ወይ አንድ ነገር ጎድሏል። ሁለት ጥምረቶች ለአንድ ፊደል መገኘታቸው ያጋጥማል፤ ጸሐፊዎች ቅጥያውን በተለያየ ቅደም ተከተል ይጽፉት ስለነበር እያንዳንዱን አይቶ ማጽደቅ ይበቃል።

ሀን ከሐ፣ ሰን ከሠ፣ ጸን ከፀ አንድ የማድረግ ሐሳብ ካለዎት በዚህ ደረጃ ላይ እንዳያደርጉት አደራ እላለሁ። ሰው ስሙን በሠ አጽፎ ከሆነ በሠ ይቆይለት፤ መታወቂያውና የፈረመው የብድር ውል ላይ ያለው እሱ ነው። ለፍለጋ የሚያስፈልገውን የተዋሐደ አጻጻፍ በሌላ ዓምድ ማኖር ይቻላል።

ወደ ቀኑ ስንመጣ፣ 19870230 ስህተት ሳይሆን ጥቅምት 30 ቀን 1987 ነው። የቀን መስኩ የተሠራው ለግሪጎሪያን አቆጣጠር ስለሆነ ሁለተኛው ወር 30 ቀን ሊኖረው እንደሚችል አያውቅም። የፎክስፕሮ ስክሪን ይህንን ቀን አይቀበልም ነበርና፣ መዝገቡ በሌላ ፕሮግራም በኩል ተጽፎ የገባ ይመስላል። ያሳሰበኝ ግን ስህተት ያስነሳው ቀን ሳይሆን ያላስነሳው ነው። ከኢትዮጵያ ዓመት ቀናት ውስጥ የግሪጎሪያኑ ምርመራ ሊይዛቸው የሚችለው ጥቅምት 30ን፣ በአብዛኛው ዓመት ጥቅምት 29ን፣ እንዲሁም የጳጉሜን ቀኖችን ብቻ ነው፤ እንደ ዓመቱ ከ6 እስከ 8 ቀን ማለት ነው። የቀረው ሁሉ እንደ ግሪጎሪያን ቀን ሆኖ በሰላም ያልፋል። ለምሳሌ 19870115 የሚለው መስከረም 15 ቀን 1987 ሆኖ ሳለ፣ እርስዎ ጃንዋሪ 15 ቀን 1987 ብለው ይይዙታል፤ እውነተኛው ቀን ሴፕቴምበር 25 ቀን 1994 ስለሆነ የአባሉ የቁጠባ ዘመን ከሰባት ዓመት በላይ ይዛባል፣ ወለዱም እንዲሁ።

መፍትሔው «ፓርሰርክላስ» በሚባለው አማራጭ በኩል የላይብረሪውን የቀን አነባበብ በራስዎ መተካት ነው። መስኩን ስምንት አኃዝ ያለው ጽሑፍ አድርገው ያንብቡ፤ ወሩ ከ1 እስከ 13፣ ቀኑ ከ1 እስከ 30፣ ጳጉሜን ከሆነ እስከ 5 ወይም 6 መሆኑን ይፈትሹ፤ ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲተርፍ ነው። ከዚያ ሁለት ዓምድ ይሥሩ፣ አንዱ የኢትዮጵያው ቀን እንደተጻፈ፣ ሌላው ወደ ግሪጎሪያን የተለወጠው። የመለወጫ ስሌትዎን በሚታወቁ ቀኖች ይፈትኑት፤ መስከረም 1 ቀን 2000 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007፣ ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2007 ላይ መውደቅ አለባቸው። አንዳንድ ሪከርዶች በግሪጎሪያን፣ አንዳንዶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የገቡ እንደሆነ ለማወቅ፣ ዓመቶቹን በአባል ቁጥር ቅደም ተከተል ያስቀምጧቸው፤ ቁጥሩ በተራ የሚሰጥ ከሆነ ድንገት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ፊት የሚዘል ቀን ራሱን ያጋልጣል።

ስለ ገንዘቡ መስክ አልጠየቁም፤ ነገር ግን ልናገረው ይገባል። በዚህ ዓይነት ፋይል ውስጥ ቁጥር የሚቀመጠው በጽሑፍ አኃዝ ነው፤ ቁጥሩ ከመስኩ ወርድ ሲበልጥ ፎክስፕሮ በኮከቦች ይሞላዋል። ዲቢኤፍሪድ ኮከቦቹን እንደ ማሟያ ቆጥሮ ስለሚገፍፋቸው እሴቱ ባዶ ሆኖ ይመለሳል፣ ስህተትም አይሰማም። ትልቁን ቁጠባ ያስቀመጠው አባል ነው እንግዲህ ባዶ የሚሆነው። በጥሬ ባይት ንባብ ኮከብ ያለባቸውን የገንዘብ መስኮች ይፈልጉና ትክክለኛውን ልክ ከወረቀት ሌጀሩ ላይ ያምጡ። ሳንቲም ያለበትንም ቁጥር ላይብረሪው እንደሚሰጠው በተንሳፋፊ ነጥብ አይያዙት፤ በዚያው በተተካው አንባቢ በኩል በዴሲማል (ሳንቲሙን ሳያዛባ በሚይዝ የቁጥር ዓይነት) ያንብቡት፣ ድምሩም በመጨረሻው የታተመ ሒሳብ ላይ ካለው ድምር ጋር እስከ ሳንቲሙ ይመሳከር።

ውጤቱን ወደ ዲቢኤፍ መልሰው አይጻፉ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ 30 ባይት የነበረው የስም መስክ 10 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ የአባትና የአያት ስም አይገባበትም። ለጊዜው ኤስኪውላይት የተባለው ቀላል ዳታቤዝ ይበቃል። በእያንዳንዱ ሪከርድ ላይ የድሮውን የሪከርድ ተራ ቁጥርና የስሙን ጥሬ ባይት ሳይነካ የሚይዝ ዓምድ ይኑር፤ ነገ አንድ አባል መጥቶ «ስሜ ተሳስቷል» ቢል፣ የተሳሳተው የድሮው ጸሐፊ ይሁን የእኛ ሠንጠረዥ በዚያው ሰዓት ለማየት ያስችላል። የፊደል ሠንጠረዡን ሲጀምሩ የትኛውም ባይት ቢያስቸግርዎ፣ የሪፖርቱን ርዕስ ባይቶችና የወረቀቱን ፎቶ አብረው ይላኩልኝ፤ የአባላቱን ስምና ገንዘብ ግን እንዳይልኩ።